የባከነ ሰዓት

አራት ደቂቃ አለ፣ ሰሌዳውን ሰቅሎ፣
በባከነው ሰዓት ላይ ሌላ ብክነት ቀጥሎ።
ባዶ ለባዶ ነበር። ነጥቧን በጥርሳችን ነክሰን ይዘናት፣
ከሳልቶ እስከ ፓይሳንዱ በኪሳችን ልንወስዳት፣
አንዲቷን ነጥብ ብቻ፣
ለክረምቱ መግፊያ፣ ለሰኞ መክፈቻ።

ዘጠና ሦስት ላይ የቅጣት ምት መጣ።
ማን ማንን ነካ? እኔ አላየሁም፤ ዋልደማርም አላየም፤
ያየው ፊሽካው ነው እንጂ ዓይን ያለው ሰው የለም።
ኳሷማ ሄዳ ነበር ከሜዳው ልትወጣ፣
ከአጥሩ ማዶ፣ ወደ ብርቱካኑ እርሻ፣ ወደ ጨለማው፣
ማንም ወደማይፈልጋት፣ ማንም ወደማይሰማው።
የእኛው ልጅ፣ የቺቺሎ ጉልበት ነው የጠራት፣
አቅጣጫ የነገራት።
በረኛው ወደ ቀኝ፣ እሷ ወደ ግራ፣
እንደ ጠገበች ላም ቀስ ብላ፣ ሳትጣራ፣
መስመሩን አለፈች፤
መረቡን እንኳ በቅጡ ሳትነቀንቅ ተኛች።

መቶ አሥራ ሁለት ነበርን፣ በሁለት አውቶቡስ የመጣን።
ከበሮው ዝም ሲል ነው ብርዱ የገባን።

መንገዱ ረጅም ነው። ማሞቂያው ካምና ጀምሮ አይሠራም።
አንዱ ዳኛውን ረገመ፣ ከነእናቱ፣ ከነአያቱ፤
አንዱ ሣሩን፣ አንዱ ንፋሱን፣ አንዱ የአሠልጣኙን ኮፍያ፤
ሌላው ደግሞ ራሱን፣ የታጠበ ካልሲ በማጥለቁ፣
(ያሸነፍንበት ካልሲ አይታጠብም፣ ደንቡ ነው)
ሚስቱ ምን አስባ እንዳጠበችው
እስከ ኬብራቾ ድረስ አስረዳን።

ከዚያ "ኖሮ" የምትባል ቃል ከፊት ወንበር ተነሣች፤
እንደ ማቴው ቅል በየአፉ ዞረች፣
አንዱ መጥጦ ለአንዱ ሲያቀብል፦
አግዳሚው ትንሽ ከፍ ብሎ ቢሆን ኖሮ፣
ሩቤን በግራ እግሩ መትቶ ቢሆን ኖሮ፣
ዝናብ ቢሆን ኖሮ፣ ዝናብ ባይሆን ኖሮ።
ጨረስናት፤ ቅሉ ባዶ ሆነ፤ አሁንም መጠጥናት።

በአምስት መሸነፍ እንቅልፍ ይሰጣል።
ሰው ይስቃል፣ ይረሳል፣ ቲማቲም ይገዛል።
አንድ ለባዶ ግን ጥርስ ውስጥ የቀረ ሥጋ ነው፤
ምላስ ሌሊቱን ሙሉ እዚያው ነው።

ዶኛ ኢርማ ብቻ፣ በመስኮቱ ወደ ጨለማው እያየች፣
ያላለቀ ሹራብ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ እንዲህ አለች፦
"የባከነ ሰዓት ሲሉ፣ እኔ አይገባኝም፣ ማነው የሚቆጥረው?
ኡባልዶ ሠላሳ አንድ ዓመት
በሥጋ ፋብሪካው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የገበረው።
ፋብሪካው ሲዘጋ፣ እሱም በጡረታው ማግስት ሲሞት፣
ሰሌዳ ያነሣ ሰው አላየሁ፤ አንዲት ደቂቃ የጨመረለት።"

ዝም አልን። ሾፌሩም ሬዲዮውን ዘጋ።
ድልድይ አለፍን። አንድ የነዳጅ ማደያ አለፍን።
ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፦
"ቢሆንም፣ ከጨዋታ ውጪ ነበር።"

ሰኞ። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ገና አልነጋም።
የዳቦ ቤቱ ሰልፍ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል።
ዱቄት የነካው ክንዱ፣ በፋሻ የታሰረ ጉልበቱ፣
ቺቺሎ ነው የሚሸጠው። ሁልጊዜም እሱ ነው፤
እሑድ የግራ ተከላካይ፣ ሰኞ ባለ ዳቦ።
ሰልፉ እንደ ለቅሶ ቤት ነው፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል፤
ሳንቲም ይቆጠራል፣ ከሚገባው በላይ ይቆጠራል።
እኔ ሌሊቱን ስስለው ያደርኩት ስድብ አለኝ፤
ሦስት ሐረግ ነው፣ ሁለተኛው አጥንት ይሰብራል።

ተራዬ ደረሰ።
"አራት" አልኩት።
ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ ቀልቷል።
"አራት!" አለ። "ከየት አመጣቸው?"

ዳቦ ማለቴ ነበር።
ስድቡን ፈለግሁት፤ ሁለተኛው ሐረግ ጠፍቷል።
"ሁለት ይበቃ ነበር" አልኩት።
"ሁለት ይበቃ ነበር" አለ፣ ራሱን እየነቀነቀ፣
ሁለት ዳቦ ጠቀለለ፤ የሁለት ሒሳብ ተቀበለኝ።

ቤት አራት ሰው ይጠብቃል።
ሁለቱን ዳቦ ብብቴ ውስጥ ሸጉጬ፣ እንደሞቁ፣ ሄድኩ።